ከወንዝ ዳር የተገኘ ዕውቀት፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

እንዶድን የማያውቅ የኢትዮጵያ ደገኛ አይገኝም። ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ የሚደፍቀው ይህ ቁጥቋጦ ለዘመናት የጥምቀትና የፋሲካ ልብስ ሲነጣበት ኖሯል። በጎጃም ምድር የቦታ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰበት ጊዜም አለ፤ ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ለዚህ አንድ ምስክር ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ተክል ወደ ቤተ ሙከራ አስገብተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሚያሠቃይ በሽታ ጋር ለሚደረገው ትግል መሣሪያ እንዲሆን የደከሙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት መስከረም 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ የገባው በዚያው ወር በ22ኛው ቀን በመሆኑ የሕፃንነት ዕድሜያቸው ከወረራው ዘመን ጋር ተገጣጠመ። እሳቸው ያደጉበት ትውልድ ከነፃነት በኋላ በተከፈቱና በተስፋፉ ትምህርት ቤቶች የተማረ፣ የአገሪቱን የተማረ የሰው ኃይል ክፍተት የመሙላት አደራ የተጣለበት ትውልድ ነው። የጤናው መስክ ደግሞ ክፍተቱ እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው አንዱ ነበር። ሐኪሞቹ ጥቂቶች፣ ሆስፒታሎቹም በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ አብዛኛው ሕዝብ ከመንገድና ከከተማ ርቆ በገጠር ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን የጀመረው፣ ሕመምተኛው ሐኪም ቤት እስኪደርስ ከመጠበቅ ይልቅ ባለሙያው ወደ ሕዝቡ ይሂድ በሚል አስተሳሰብ ነው። ወጣቱ አክሊሉ ወደ ሳይንስ ዓለም በገቡበት ጊዜ የአገሪቱ የጤና ጥያቄ ይህን መልክ ይዞ ነበር።

ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ የተከታተሉት ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። የምርምር ትኩረታቸው በነፍሳትና በውኃ ውስጥ በሚኖሩ እንስሳት አማካይነት ወደ ሰው በሚተላለፉ የጥገኛ ተሕዋስያን በሽታዎች ላይ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ቢልሃርዚያ ነው።

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው የበሽታውን መንስኤ እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ካገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው የሚመጣው በሰው የደም ሥር ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ትሎች ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ዓይነት በብዙ የወይና ደጋ አካባቢዎች፣ የሽንት ፊኛን የሚጎዳው ደግሞ በተወሰኑ የቆላ ሥፍራዎች ይገኛል። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ሕይወቱን ለማቆየት የግድ አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ከተራባ በኋላ በብዙ መቶዎች ሆኖ ወደ ውኃው ይመለስና ለመታጠብ፣ ለማጠብ፣ ውኃ ለመቅዳት ወይም ለመዋኘት የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ በሽታው በዋነኛነት የሚያጠቃው ሥራቸውና ጨዋታቸው ከወንዝ የማይለያቸውን ሴቶችንና ሕፃናትን ነው።

ይህ የሕይወት ዑደት በሽታውን ለመከላከል ሦስት በሮች እንዳሉ ያመለክታል። አንደኛው ዐይነ ምድር ወደ ውኃ እንዳይገባ ማድረግ፣ ሁለተኛው በሽተኛውን ማከም፣ ሦስተኛው ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ለሕመሙ ይሰጡ የነበሩት መድኃኒቶች ጎጂ ጎን የበዛባቸው በመሆናቸው ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ለማከም አይመቹም ነበር። በመሆኑም የቁጥጥር ሥራው ይበልጥ ያተኮረው ቀንድ አውጣን በሚገድሉ ኬሚካሎች ላይ ነበር። ኬሚካሎቹ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዙና ዋጋቸው ውድ ስለሆነ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች በስፋት ሊጠቀሙባቸው አልቻሉም።

ወጣቱ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ዐድዋ የተጓዙት የበሽታውን መተላለፊያ መንገድና ቀንድ አውጣዎቹ የሚገኙባቸውን ሥፍራዎች ለማጥናት ነበር። ከተማዋን አቋርጠው በሚያልፉ ጅረቶች ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች እንደ ወትሮው ተሰብስበው ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የጅረቱ ክፍል ግን በሌላ ሥፍራ ካዩት በጣም የበዛ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፎ አገኙ። ከላይ፣ የሳሙናው አረፋ ባልደረሰበት ውኃ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሕያው ነበሩ።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ልዩነት አይተው አላለፉትም። በዕቃ ውኃ ቀድተው ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ከጨመሩበት በኋላ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከምትጠቀምበት የእንዶድ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ምርምሩ የጀመረው እንዲህ ባለ ቀላል፣ ማንም ሊያየውና ሊከተለው በሚችል ሙከራ ነው። ሙከራው የተደረገው በሴቶቹ የሥራ ቦታ፣ በራሳቸው ዕቃና በራሳቸው እንዶድ ስለነበረ ውጤቱ ለተመራማሪውም ለአጣቢዎቹም በአንድ ጊዜ ተገለጠ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ያዩትን በቤተ ሙከራ ደጋግመው ፈተሹ። የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ዱቄት በብዙ ውኃ ቀጥኖ እንኳ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። የመጀመሪያው ዘገባቸውም እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በቀጣዩ ዓመት በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም መሥራችና መሪ ሆኑ። ኢንስቲትዩቱ በአገሪቱ የሚገኙ ተላላፊ በሽታዎችን በአገሪቱ ባለሙያዎች ለማጥናት የተቋቋመ የምርምር ተቋም ነበር። በዚያ ዘመን ስለ አፍሪካ በሽታዎች የሚደረገው አብዛኛው ምርምር ከአውሮፓና ከአሜሪካ በሚመጡ ባለሙያዎች ይመራ እንደነበር ሲታሰብ የእርምጃው ትርጉም ይጎላል።

ከቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በሕዝብ መካከል መፈተን ነበረበት። ለዚህም ግኝቱ የተጀመረባት ዐድዋ ተመረጠች። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት ከአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ በከተማዋ ጅረቶች ውስጥ በየጊዜው እየተጨመረ የነዋሪው ጤና ክትትል ተደረገበት። በመጀመሪያ ከተመረመሩት ነዋሪዎች 63 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው የተያዙ ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ ዝቅ አለ። ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው በሕፃናት ዘንድ የታየው ለውጥ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። የሕፃናቱ ቁጥር ለብቻው የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋቂው የቆየ በሽታ በሰውነቱ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ ሕፃኑ ግን የሚያዘው አዲስ ስለሆነ በልጆች ላይ የታየው መቀነስ የበሽታው መተላለፍ እንደተገታ ያሳያል።

የዐድዋው ሥራ ለጤና ትምህርትም ትልቅ ትርጉም ነበረው። ስለ ቢልሃርዚያ ማስተማር አስቸጋሪ የሚሆነው መንስኤውም መንገዱም ለዐይን ስለማይታይ ነው። ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በወጣበት ቀን አይታመምም፤ ሕመሙ የሚጠናው ከወራትና ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ወንዙና ሕመሙ በአንድ ሐሳብ አይያያዙለትም። ቀንድ አውጣው ግን ይታያል። በእጅ ይያዛል፤ በእንዶድ አረፋ ሲሞትም ይታያል። ነዋሪው በየዕለቱ በሚጠቀምበት ተክል በሚያየው እንስሳ ላይ የሚደርሰውን ሲመለከት የማይታየውን በሽታ ለመረዳት መነሻ ያገኛል። ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመን ሥራቸው አጥብቀው የተከራከሩለት ሐሳብም ይኸው ነው። በእሳቸው እምነት እንዶድ ከርካሽነቱ የሚበልጥ ጥቅም ነበረው፤ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚተክለው፣ ራሱ የሚለቅመው፣ ራሱ የሚጨምረው በመሆኑ የጤና ጥበቃውን ሥራ ከእንግዳ ባለሙያ እጅ ወደ ባለቤቱ እጅ ያሸጋግራል።

በዚያው ጊዜ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች የተክሉ ኬሚካል ይጠና ነበር። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣን የሚገድለውን አረፋማ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ለግኝቱ ባለቤት መታሰቢያም ለማቶክሲን የሚል ስም ሰጡት። በአገር ውስጥ ደግሞ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእርሻውን ጥናት ያዙ። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን አሰባስበው በማነጻጸር ምርታቸው ከፍ ያለውን፣ ኃይላቸው የበረታውን መረጡ። ከእነዚህም በቁጥር 44 የሚታወቀው ዝርያ ከኢትዮጵያ አልፎ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተተክሎ ተሞክሯል። የሁለቱ ሰዎች ሥራ እየተደጋገፈ ሄደ፤ አንደኛው ተክሉ ምን እንደሚሠራ ሲያሳዩ ሌላኛው ገበሬ እንዴት ሊያመርተው እንደሚችል አሳዩ።

ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል አልነበረም። አንድን ንጥረ ነገር በሕዝብ ውኃ ውስጥ ለመጨመር በሰው፣ በእንስሳትና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች መረጋገጥ ነበረበት። ምርመራው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የኬሚካል ኩባንያዎች ለራሳቸው ምርት እንዲህ ያለውን ወጪ የሚያወጡት በሽያጭ እንደሚተካ ስለሚያውቁ ነው። እንዶድ ግን ማንም በጓሮው ሊተክለው የሚችል ተክል በመሆኑ ትርፍ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣለት አልተገኘም። ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማትም በኬሚካሎቹ፣ በኋላም በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በወጣው ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት ላይ ትኩረታቸውን አደረጉ። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ የሳይንስ ብቻ እንዳልሆነ ደጋግመው አስረድተዋል። በድኻ አገር፣ በድኻ አገር ተመራማሪ የተሠራ ሥራ በሌላ ቤተ ሙከራ ተደግሞ ካልታየ በቀር እምነት አይጣልበትም የሚለው አመለካከት የግኝቱን ጉዞ በብዙ ዓመታት እንዳዘገየው ያምኑ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሳይንስና ቴክኖሎጂን ለልማት በማዋል ሥራ ላይ ተሰማሩ፤ ኋላም በድርጅቱ የሕፃናት መርጃ ፈንድ ውስጥ አገልግለዋል። በውጭ አገር ቢኖሩም የእንዶድን ጉዳይ አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ የልዩ ልዩ አገሮች ተመራማሪዎች ስለ እንዶድ የመከሩበት ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት ተካሄደ። በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍም ለዓመታት ሲጠየቅ የነበረው የደኅንነት ምርመራ ተከናወነ። ከመጀመሪያው የዐድዋ ምልከታ እስከዚህ ድረስ ከ20 ዓመታት በላይ አልፈዋል።

የሥራቸው ዋጋ በዓለም ፊት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያ ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውንና ብዙዎች አማራጭ ኖቤል ብለው የሚጠሩትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው ቢልሃርዚያን በአነስተኛ ወጪ ለመከላከል የሚያስችል መንገድ ስላገኙና ተቀባይነት እንዲያገኝም ሳይታክቱ ስለታገሉ ነው። በአንድ የኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የተጀመረ ሥራ በስቶክሆልም ሲከበር ለአገሪቱ ሳይንቲስቶች ታላቅ ኩራት ነበር።

ከዚህ በኋላ እንዶድ ባልተጠበቀ አቅጣጫ ተፈላጊ ሆነ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያለው ዛጎላም እንስሳ ተራብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውኃ ቧንቧ እየዘጋ ከፍተኛ ኪሣራ ያደርስ ጀመር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሰጣቸው፤ በዚያው አጋጣሚ ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ። ዩኒቨርሲቲው በ1993 የአጠቃቀሙን ዘዴ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ይህም ሌላ ክርክር አስነሣ። ተክሉን ለዘመናት ጠብቆና ተጠቅሞ ያቆየው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ የመጀመሪያው ምልክት የተገኘውም ከልብስ አጣቢ ሴቶች ሥራ ነው። ታዲያ ጥቅሙ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ስለ ብዝኃ ሕይወትና ስለ አገር በቀል ዕውቀት በሚደረጉ ዓለም አቀፍ ውይይቶች የእንዶድን ስም በምሳሌነት የሚያስጠቅስ ሆኗል።

ስለ እንዶድ ሲነገር ገደቦቹም ሊዘነጉ አይገባም። ቀንድ አውጣን የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል። የቀንድ አውጣ እንቁላልን ግን በሚገባ ስለማያጠፋ ሥራው በየጊዜው መደገም አለበት። ዐይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ በአፍ መውሰዱም ለሕይወት አስጊ መርዝ ነው። በውኃ ውስጥ ኃይሉ በጥቂት ቀናት መጥፋቱ ለአካባቢ ደኅንነት ቢጠቅምም ለቁጥጥሩ ሥራ ተጨማሪ ድካም ይጠይቃል። በነዚህ ምክንያቶችና ፕራዚኳንቴል ዋጋው እየረከሰ በመሄዱ እንዶድ ፈልሳፊው የተመኙትን ያህል በብሔራዊ ደረጃ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። ሆኖም በአማራ ክልል በወሎ በእንዶድ የተካሄደ የቁጥጥር ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 መታተሙ፣ እንዲሁም በዚምባብዌ የተደረጉ የመስክ ጥናቶች የሐሳቡ ሕይወት ከዐድዋ በኋላም እንደቀጠለ ያሳያሉ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያቋቋሙት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል። በኢንስቲትዩቱ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በቢልሃርዚያ፣ በአንጀት ጥገኛ ትሎች፣ በወባና በሳንባ ነቀርሳ ላይ የሚያደርጓቸው ጥናቶች ለአገሪቱ የጤና ፖሊሲ ግብዓት ሆነዋል።

ከእሳቸው ሞት በኋላ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ወደ ኅብረተሰቡ የመውረድ እርምጃው ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሠማራ። ሥራቸው በየቤቱ እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ክትባትና ስለ እናቶች ጤና በተግባር እያሳዩ ማስተማር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ለትምህርት ቤት ልጆች የአንጀት ትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት ተጀመረ። በአማራ ክልል ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት በሚል የተካሄዱት ዘመቻዎችም ሕዝቡ በአንድነት ወጥቶ የሚማርበት፣ የሚመረመርበትና መድኃኒት የሚወስድበት መድረክ ፈጥረዋል።

የገጠር ሕዝብ ከሌላ ቦታ የመጣ የጤና ዕውቀት ተቀባይ ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ምንጭ ሊሆን ይችላል የሚለውን የዶክተር አክሊሉን እምነት የሚያጠናክር ሌላ ምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም ይገኛል። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ታና በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቅ የትራኮማ ጥናት ተጀመረ። በ72 ንዑስ ቀበሌዎች የሚኖሩ ነዋሪዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በተለያየ የጊዜ ልዩነት ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ውጤት በየሦስት ወሩ ሕፃናት ብቻ በታከሙባቸው መንደሮች መድኃኒቱን ባልወሰዱት ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ጭምር ኢንፌክሽኑ እንደቀነሰ አሳየ። የልጅ መታከም ለእናቱም ለጎረቤቱም መከላከያ እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያው ወረዳ የተገኘው ሌላ ውጤት ደግሞ የዓለምን ትኩረት ስቧል። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው የሞት አደጋ መድኃኒቱ ገና ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለዐይን በሽታ የተሰጠ መድኃኒት ሕይወትን ሊያድን እንደሚችል የጠቆመው ይህ ግኝት በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ሰፋ ያለ ጥናት እንዲደረግ ምክንያት ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዚያ ጥናት ውጤትም የሕፃናት ሞት በሦስቱ አገሮች በአማካይ 13.5 በመቶ እንደቀነሰ አመልክቷል። የጎንቻ ሲሶ እነሴ አርሶ አደሮች ልጆቻቸውን ይዘው ለምርመራ በመውጣታቸው ከአባይ ማዶ ለሚኖሩ እናቶች ሁሉ የሚተርፍ ዕውቀት ተገኝቷል።

ቢልሃርዚያ ግን እስካሁን አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከ251 ሚሊዮን በላይ ነበር። መድኃኒቱ በሽተኛውን ያድናል፤ ሆኖም በማግሥቱ ወደዚያው ውኃ የሚመለስ ሰው እንደገና መያዙ አይቀርም። የመስኖ ሥራ በተስፋፋ መጠን ለቀንድ አውጣው የሚመቸው ዝግ ያለ ውኃ ስለሚጨምር ሥጋቱም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመስጠት ጎን ለጎን መጸዳጃ ቤት መሥራትና መጠቀም፣ ንጹሕ ውኃና የልብስ ማጠቢያ ሥፍራ ማዘጋጀት፣ ሕፃናት በረጋና ዝግ ብሎ በሚፈስ ውኃ እንዳይዋኙ መምከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነዋሪው የበሽታውን መንገድ በዐይኑ አይቶ እንዲረዳ ማድረግ ዛሬም ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ለዚህ ሥራ የተዉት ውርስ ከተክሉ ይሰፋል። በሽታው ያለው በሕዝቡ መካከል ከሆነ መፍትሔውም በዚያው ሊገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። ሴቶቹ እንዶዱን በዕለት ሥራቸው አቆይተዋል፤ ሳይንቲስቱ ደግሞ ቆም ብለው አይተዋል፣ ጠይቀዋል፣ አብረው ሞክረዋል። በየቀበሌው ሕዝብ ሰብስበው ስለ ጤና የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ከማስተማራቸው በፊት ነዋሪው የሚያውቀውን ቢጠይቁ፣ ከተናገሩም በኋላ የተናገሩትን በተግባር ቢያሳዩ፣ ከ60 ዓመታት በፊት በዐድዋ ጅረት ዳር የተጀመረውን መንገድ ይከተላሉ።